ጭሱ የሚወጣበት ጫፍ፤ ለፒክ አፕ መኪና ጥንድ የጭስ ማውጫ ስለ መሥራት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ላለው ፒክ አፕ፣ ፋብሪካው በሠራለት ነጠላ የጭስ ማውጫ ምትክ፣ በጋራዥ ውስጥ ልኩ ተወስዶ የሚሠራ ጥንድ የጭስ ማውጫ እንዴት ይዘጋጃል የሚል ነው። ሥራው ከሁሉ ይልቅ የተለመደው በአሜሪካ አገር ነው። ርእሱ እንዲነሣ የፈለጉትም በዚያ በጋራዥ ሥራ ላይ የተሰማሩ አባሎቻችን ናቸው፤ ደንበኞቻቸው አዘውትረው ያዟቸዋልና።

ይሁን እንጂ ከቧንቧውና ከብየዳው ጀርባ ሁላችንንም የሚመለከት ጉዳይ አለ። ፋብሪካው የሠራውን ቆርጦ አውጥቶ የራሱን ሥራ የሚገጥም ሙያተኛ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በፋብሪካው መሐንዲስ ቦታ ቆሟል። መሐንዲሱ ያሰበውን ሁሉ እርሱም ማሰብ ይገባዋል። የጭስ ማውጫ የመጀመሪያ ተግባር ደግሞ ድምፅ ማሳመርም ሆነ ኃይል መጨመር አይደለም፤ መርዘኛውን ጋዝ ከሰው ማራቅ ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይኸው ነው። የቧንቧው ስፋት፣ የብየዳው ጥራት፣ የድምፁም ለዛ ከዚህ ቀጥለው የሚሰለፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንመልከት። ለምሳሌ የመረጥሁት እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974 የተሠራውን፣ 5.7 ሊትር ሞተርና ነጠላ የጭስ ማውጫ ያለውን ሸቭሮሌት ሲ-10 ፒክ አፕ ነው። የሞተሩ ዘር የሚቆጠረው ሸቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1955 ካወጣው 4.3 ሊትር ሞተር ነው። ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ፣ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ በ90 ዲግሪ ተራርቀው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ የጭስ ሰብሳቢ ወይም ማኒፎልድ አለው። በመሆኑም ጭሱ ከሞተሩ ሲወጣ ቀድሞውኑ በሁለት መንገድ ነው። ፋብሪካው ሁለቱን በሞተሩ ሥር አገናኝቶ በአንድ ቧንቧና በአንድ ማርሚታ የሚያስወጣው ለዋጋና ለክብደት ቅነሳ ሲል ነው። በዝግታ ለሚነዳ መኪና ይህ ይበቃል። ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከርና ከባድ ጭነት ሲጎትት ግን የስምንቱ ሲሊንደሮች ጋዝ በአንዱ ቧንቧ ይጨናነቃል። ፒስተኖቹም ጋዙን ለመግፋት የሚያወጡት ጉልበት ለጎማዎቹ ሊደርስ ከሚገባው ላይ ይቀነሳል። ጥንድ የጭስ ማውጫ የሚያስገኘው ጥቅም ይህን የባከነ ጉልበት በከፊል መመለስ ነው እንጂ አዲስ ኃይል መፍጠር አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች በግራ ወገን 1፣ 3፣ 5 እና 7፤ በቀኝ ወገን 2፣ 4፣ 6 እና 8 ተብለው ይቆጠራሉ። የሚቀጣጠሉት በ1፣ 8፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 7፣ 2 ቅደም ተከተል ነው። ክራንክ ሻፍቱ 90 ዲግሪ በዞረ ቁጥር አንድ ሲሊንደር ስለሚቀጣጠል፣ ሞተሩ በጠቅላላው ሲታይ አካሄዱ እኩል ነው። የግራውን ወገን ለብቻው ብንቆጥር ግን ከ1 እስከ 3 ያለው ርቀት 270 ዲግሪ፣ ከ3 እስከ 5 ያለው 180፣ ከ5 እስከ 7 ያለው 90፣ ከ7 ተመልሶ እስከ 1 ያለው ደግሞ 180 ዲግሪ ሆኖ እናገኘዋለን። በቀኙም ወገን 8 እና 4 እንዲሁ በ90 ዲግሪ ይከታተላሉ። ስለዚህ ሁለቱ ቧንቧዎች ፈጽሞ ሳይገናኙ ለየብቻ ቢሠሩ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ጋዙ አንዴ ተጣድፎ፣ አንዴ ዘግይቶ ይመጣል። ደንበኛው የሚወደው የሚያጉረመርም ድምፅ ምንጩ ይኸው አለመስተካከል ነው። ለሞተሩ ግን ጉዳት አለው፤ ሁለት ሲሊንደሮች በተከታተሉበት ቅጽበት የዚያ ወገን ቧንቧ ተጨናንቆ ሳለ የሌላው ወገን ባዶ ይሆናል።

መፍትሔው ሁለቱን ቧንቧዎች ከማርሚታዎቹ በፊት በአንድ አጭር ቧንቧ ማገናኘት ነው። ይህ ሚዛን ጠባቂ ቧንቧ አንደኛው ወገን በተጨናነቀ ጊዜ ግፊቱን ወደ ሌላው ያካፍላል፤ ድምፁንም ያለሰልሰዋል። ሁለቱ ቧንቧዎች ተጠጋግተው እንደ መስቀል የሚገናኙበት አሠራርም አለ፤ የሚፈጽሙት ተግባር ተመሳሳይ ነው። አገናኙ ቧንቧ ስፋቱ ከዋናዎቹ እምብዛም የማያንስ ሆኖ፣ ቦታ በፈቀደ መጠን ወደ ሞተሩ የቀረበ ይሁን። ይህ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በካምቢዮው አካባቢ ስለሚውል በብሎን የሚፈታ መሆን ይገባዋል። በብየዳ የተዘጋ እንደ ሆነ፣ ወደፊት ካምቢዮ የሚያወርደው ሙያተኛ መጋዝ ከማንሣት ሌላ ምርጫ አይኖረውም። የሚቀጥለውን ሙያተኛ ማሰብም የሥራው ክፍል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የቧንቧው ስፋት ነው። በየጋራዡ «ሞተር ጥቂት የመልስ ግፊት ያስፈልገዋል» ሲባል ይሰማል። አባባሉ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ምክንያቱን ያሳስታል። ሞተር የሚፈልገው ግፊት ሳይሆን የጋዙን ፍጥነት ነው። በቧንቧው ውስጥ በፍጥነት የሚጓዝ ጋዝ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ትቶ ስለሚሄድ፣ የሚቀጥለው ሲሊንደር የተቃጠለውን ጋዝ ጠርጎ እንዲያወጣ ይረዳዋል። ቧንቧው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ይህ ፍጥነት ይቀንሳል፤ መኪናውም በዝቅተኛ የሞተር ዙር፣ ማለትም ጭነት ይዞ በሚነሣበት ሰዓት፣ ይደክማል። ለፒክ አፕ ደግሞ ዋናው ጉልበት ይኸኛው ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ግድግዳው 1.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 3 ኢንች ቧንቧ ወደ 42 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል የውስጥ ስፋት አለው። በዚያው ውፍረት ባለ 2 ኢንች ከሩብ ቧንቧ 23 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ጥንዱ 46 ይደርሳል። ይህም ማለት ቀጠን ያሉት ሁለቱ ቧንቧዎች አንዱን ትልቅ ቧንቧ ይበልጣሉ ማለት ነው። ባለ 2 ኢንች ተኩል ጥንድ ደግሞ 57 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። 5.7 ሊትር ሞተር ላለው የሥራ መኪና ባለ 2 ኢንች ከሩብ ጥንድ ይበቃዋል፤ ግፋ ቢል ባለ 2 ኢንች ተኩል ነው። ደንበኛው ለዓይን ግዙፍ ሆኖ የሚታይ ነገር ከፈለገ፣ ሰፊ ጫፍ በመጨረሻው ላይ ይደረግለት፤ መንገዱ ግን በልኩ ይቅር።

ስፋቱ ከተወሰነ በኋላ ቧንቧው የሚያልፍበት መንገድ ይቀየሳል። በምሳሌው መኪና በቀኝ በኩል የሞተር ማስነሻው ለማኒፎልዱ ቅርብ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበትም ሥራውን ያሰናክላል። በግራ በኩል የመሪው ዘንግና የዘይት ማጣሪያው አሉ። የነዳጅ ማጠራቀሚያው የሚገኘው ከሻንሲው ውጭ፣ በካሶኒው ሥር በጎን ሲሆን፣ ሁለት ማጠራቀሚያ ያላቸው መኪናዎች በሁለቱም ጎን አላቸው። ስለዚህ ነጠላው ቧንቧ ይሸሸው የነበረውን ጎን አዲሱ ሁለተኛ ቧንቧ ሊቀርበው ይችላል። ቧንቧውን ከሻንሲው በስተውስጥ ማሳለፍ፣ ከነዳጅና ከፍሬን ቱቦዎች ማራቅ፣ መራቅ በማይቻልበትም ቦታ አየር በመካከሉ የሚያልፍበት የላሜራ ጋሻ ማቆም ግዴታ ነው። በአንደኛው ማኒፎልድ ጫፍ ላይ ሞተሩ እስኪሞቅ ጭሱን ወደ ካርቡራተሩ ሥር የሚመልስ ቫልቭ ካለ፣ መንቀሳቀሱ ተረጋግጦ በቦታው ይቆይ።

ልክ የሚወሰደው ደግሞ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ነው። በሻንሲው ተነሥቶ ሲንጠለጠል የኋላው አክስል በራሱ ክብደት ስለሚወርድ፣ በአክስሉና በላዩ በሚያልፈው ቧንቧ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለ ይመስላል። በዚህ ሁኔታ የተበየደ ቧንቧ፣ መኪናው ጭነት ተሸክሞ ጉድጓድ በገባ ጊዜ ይመታል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባሌስትራው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ አክስሉ የሚደርስበት ቦታ አስቀድሞ ይለካ። ቧንቧዎቹም በመጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ተያይዘው፣ መኪናው ጭነት ተጭኖበት ከታየ በኋላ ሙሉ ብየዳው ይፈጸም። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ማጠፊያውና ስለ ብረቱም ጥቂት ልበል። ቧንቧን ያለ ውስጥ ድጋፍ በመጫን ብቻ ማጠፍ መታጠፊያውን ያጣብበዋል፤ በስሌት ያገኘነውን ስፋት በየመታጠፊያው እናጣዋለን። ውስጡ ተደግፎ የታጠፈ ክርን ገዝቶ መበየድ ይሻላል። አሸዋ ሞልቶ፣ አሙቆ የማጠፍ የቆየ ዘዴም ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ነገር ግን አሸዋው ፍጹም ደረቅ ይሁን፤ እርጥበት ያለው አሸዋ በሁለቱም ጫፍ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሲሞቅ እንፋሎት ፈጥሮ ሊፈነዳ ይችላል። ከብረቶቹ መካከል አሉሚኒየም የተቀባው ለተራ አገልግሎት ይበቃል። 409 የተባለው አይዝጌ ብረት 11 በመቶ ያህል ክሮሚየም ስላለው ይበልጥ ይቆያል። 304 የተባለው 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል ስላለው ከሁሉም ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ለውሃ መስመር የሚሠራውን ዚንክ የተነከረ ቧንቧ ግን ለዚህ ሥራ አታውሉት። ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣበታል።

ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም ሁላችንም እናውቃለን፤ በቁጥር ሲታይ ግን ያስደንቃል። ሦስት ሜትር የሆነ ተራ የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢጨምር፣ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። 304 የተባለው ብረት ከ15 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ከዚህ ጋር ሞተሩ በላስቲክ መቀመጫዎቹ ላይ ይወዛወዛል። ቧንቧውን ከሻንሲው ጋር በብረት አጥብቆ የሚያስር ሰው፣ ለጊዜው ያጠነከረ ይመስለዋል እንጂ ስንጥቁን በገዛ እጁ እያዘጋጀ ነው። ማንጠልጠያዎቹ ላስቲክ ያላቸው ይሁኑ፤ ቧንቧው የሚረዝምበት ቦታም ይተውለት። በብየዳ ጊዜ ደግሞ ባትሪው ይፈታ፤ የብየዳው ምድር ገመድ ወደሚበየደው ቦታ ተጠግቶ ይያዝ፤ የእሳት ማጥፊያም ከእጅ አይራቅ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ጭሱ ወደሚወጣበት ጫፍ ደርሻለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ጥቂቱ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ካርቡራተር ያለው የቆየ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣል። መኪና ወደ ፊት ሲሄድ በስተኋላው ዝቅተኛ ግፊት ይፈጠራል፤ ይህም ግፊት በኋላ በኩል የወጣውን ጭስ ወደ መኪናው መልሶ ይስባል። ክፍት ካሶኒ ነፋስ ይጠርገዋል። በሸራ ወይም በጠንካራ ክዳን የተሸፈነ ካሶኒ ግን በየስፌቱና በየመጋጠሚያው የገባውን ጭስ እንደ ጓዳ ያጠራቅመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ በፒክ አፕ ካሶኒ ላይ ሲጓዙ በዚህ ጋዝ የተመረዙ 20 ሕፃናትን ታሪክ መርምሯል። ከእነርሱ 17ቱ በጠንካራ ክዳን ሥር፣ 3ቱ በሸራ ሥር ነበሩ። አንዱ ሕፃን ሞቷል። በሁሉም ዘንድ የመኪናው ጭስ ማውጫ ወይ ቀድሞ የታወቀ ማፍሰሻ ነበረበት፤ ወይም ጫፉ በጎን ሳይሆን በኋላ በኩል ይወጣ ነበር።

«ቀድሞ የታወቀ» የሚለውን ቃል እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። ማፍሰሻው የተሰወረ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ነበር፤ ነገር ግን እንደ ጥቃቅን ብልሽት ተቆጥሮ ታልፏል። የጫፉን አቅጣጫ ደግሞ አንድ ሰው መርጦታል። ጥንድ የጭስ ማውጫ ስንሠራ ይህን ምርጫ የምናደርገው እኛ ነን። ሁለቱንም ጫፎች ከኋላ መከላከያው ሥር ጎን ለጎን ማሳየት ለዓይን ያምር ይሆናል። ትክክለኛው ቦታ ግን ከኋላ ጎማው በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ ጎን፣ ከካሶኒው ጠርዝ ወጣ ብሎ ነው። ከጋቢናው ሥር ወይም ከጋቢናው አጠገብ የሚያበቃ አጭር ቧንቧ፣ ደንበኛው የቱንም ያህል ቢማጠን፣ ከእጃችን ሊወጣ አይገባም። የጋቢናው ወለል ቀዳዳዎችም ይደፈኑ። እንዲህም ሆኖ በተሸፈነ ካሶኒ ውስጥ ሰው ማሳፈር አደጋው እንደማይወገድ ለባለ መኪናው በግልጽ ይነገረው።

ሌላው የኃላፊነት ጉዳይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው። ምሳሌ የሆነን የ1973 እና የ1974 መኪና ይህ መሣሪያ ስለሌለው ቧንቧውን ከማኒፎልዱ ጀምሮ ማጣመድ ይቻላል። በአሜሪካ ኮንቨርተር በስፋት መገጠም የጀመረው በ1975 ሞዴል መኪናዎች ነው። በዚያን ጊዜ ጠቅላላ ክብደታቸው ከ6,000 ፓውንድ የሚበልጥ ፒክ አፖች በደንቡ ስላልተያዙ፣ ሙያተኛው በሞዴሉ ዓመት ብቻ ሳይወሰን በሞተሩ ክፍል የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ ያንብብ። ኮንቨርተር ያለበትን መኪና ጥንድ ለማድረግ ትክክለኛው መንገድ እስከ ኮንቨርተሩ ያለውን ሳይነኩ፣ ከእርሱ በስተኋላ ሁለት አድርጎ መክፈል ነው። መሣሪያውን አንሥቶ ባዶ ቧንቧ መተካት በአሜሪካ የአየር ጥራት ሕግ የተከለከለ ነው። ክልከላው በ1990 ማሻሻያ ግለሰቦችንም እንዲያካትት ተደርጓል። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ከኮንቨርተሩ በስተኋላ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ጉድለቱን ለአሽከርካሪው ያሳውቃል። ሕጉ ባይኖርስ? መሣሪያው የሚያጠራው ጋዝ በመንገድ ዳር የሚሄደው ሰው የሚተነፍሰው ነው። መኪናው የደንበኛው ቢሆንም አየሩ የደንበኛው ብቻ አይደለም።

ሥራው ሲፈጸም የምናስረክበው ተፈትሾ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በቧንቧው ውስጥ አየር እየተነፋ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ይቀባ፤ አረፋ ያወጣ ቦታ ሁሉ ይጠገን። የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮንና ብሎኖቹ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ እንደገና ይፈተሹ። መኪናው ጭነት ይዞ ይነዳ፤ ተመልሶም ቧንቧው የነካው ነገር አለመኖሩ ይታይ። በጋቢናው ውስጥ፣ ክዳን ካለውም በካሶኒው ውስጥ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ተቀምጦ ይነበብ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ባለ መኪናው ለሁለተኛ ምርመራ ይጠራ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አብዛኞቹ ፒክ አፖች አራት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ ያሏቸው ናቸው። ማኒፎልዳቸው አንድ ነው። ተርቦ ያላቸውም ጭሱ ከተርቦው በአንድ አፍ ይወጣል። በእነዚህ ላይ ሁለት ጫፍ መግጠም ጌጥ ነው እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም፤ ባለ መኪናውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ከእኛ መስማት መብቱ ነው። ዲዝል ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢያወጣም፣ ጥላሸቱና የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ለሳንባ ጠንቅ ናቸው። በፒክ አፕ ካሶኒ ላይ፣ በሸራ ሥር፣ በጭነት መካከል ተቀምጦ መጓዝ በገጠር መንገዶቻችን የታወቀ ነገር ነው። እነዚህ ተጓዦች ጭስ ማውጫውን አጎንብሰው አያዩም፤ ቢያዩም የሚያውቁት ነገር የለም። በእነርሱ ፈንታ አጎንብሶ የሚያይላቸው ሙያተኛው ብቻ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ደንበኛው ወደ ጋራዣችን የሚመጣው ስለ ድምፅና ስለ ጉልበት ሊነግረን ነው። የጠየቀውን በልኩ እንሥራለት፤ ጥበቡ አለንና። ያልጠየቀውን፣ ነገር ግን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገውን፣ ይኸውም ጭሱ ከሰው ርቆ እንዲወጣ ማድረግን፣ ሳይጠይቀን እንፈጽምለት። እንግዲህ በየጋራዣችሁ ነገ ጠዋት ከሚገቡት መኪናዎች ሥር ስትገቡ፣ ለሌላ ሥራ የመጣ ቢሆንም እንኳ፣ ቧንቧውን እስከ ጫፉ ድረስ በዓይናችሁ ተከተሉት፤ ያያችሁትንም ማፍሰሻ ለባለቤቱ ሳትነግሩ አትልቀቁ።